ኢንተርኔት የሌለው ክፍል፣ ኤአይ የገባበት ቤት፦ ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች

ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ስልክና በተለምዶ ኤአይ ስለሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በክፍል ውስጥ አጠቃቀም ከወሎ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። የዚህን ዕትም ዓምድ ለእነሱ ሰጥተናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሙያቸውንና አካባቢያቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን 9 አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉት። ኢንተርኔት የለም፤ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። ኮምፒውተሮቹ ደብዳቤ ከመጻፍ አልፈው ለሳይንስ ትምህርት ሊውሉ ይችላሉ?
የፊዚክስ መምህር፣ ወገል ጤና

መልስ፦ በደንብ ይችላሉ። ኢንተርኔቱን ክፍል ድረስ ማምጣት የግድ አይደለም። ትምህርቱን አንድ ጊዜ አውርዶ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያም በራውተር ለሌሎቹ ማከፋፈል ይቻላል። ለዚህ በነጻ የሚገኙ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ፤ ኮሊብሪና ኪዊክስ። ኮሊብሪ የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ፣ እንዲሁም ፌት የተባሉትን የሳይንስ ማሳያዎች በየርዕሱ ይሰጣል። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እኛ ለፊዚክስ ከሁሉም ፌትን እናስቀድማለን። በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ሲሆን ተማሪው የኤሌክትሪክ ዑደቱን ራሱ ይገጥማል፣ አምፖሉን ያበራል፣ ሾርት አድርጎ ባትሪውን ያቃጥላል። ቪዲዮ ሲያዩ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ልጆች እዚህ ላይ ይነቃሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባትሪው የሚሠራና ራሙ ቢያንስ 4 ጊጋባይት የሆነ አንድ ላፕቶፕ ይዘው ፈጣን መስመር ወዳለበት ከተማ፣ ደሴ ወይም ወልድያ ይሂዱ። ኮሊብሪን ከጫኑ በኋላ ሙሉ ቻናል (የአንድ አዘጋጅ ትምህርት በሙሉ የተሰበሰበበትን) አያውርዱ፤ የሚያስተምሩትን ርዕስ ብቻ እየመረጡ ምልክት ያድርጉ፣ መጠኑን እዚያው ያሳይዎታል። 20 ጊጋባይት በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር 11 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ሌሊት አሳድሮ ማውረድ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነውና ይተውት። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ለ9ኛ ክፍል ተማሪም የሚገባው እሱ ነው።

የወረደውን በፍላሽ ሲገለብጡ «ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል፤ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ፍላሹ አልተበላሸም። ብዙ ፍላሾች ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረጉ ናቸው፤ ይህ ዓይነት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በላዩ ያለውን ሌላ ቦታ ካስቀመጡ በኋላ ኤክስፋት በሚለው ፎርማት ያድርጉት።

ትምህርት ቤት ሲመለሱ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያገናኙ። ዴስክቶፖቹ ዋይፋይ ከሌላቸው እነሱም በኬብልና በስዊች (ብዙ ኬብሎችን በሚያገናኝ ሳጥን) ይገባሉ። ተማሪዎቹ ብሮውዘር ከፍተው የላፕቶፑን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10:8080 ይጽፋሉ። አድራሻውን በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ቋሚ ያድርጉት፤ ያለበለዚያ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሊቀያየር ስለሚችል ሰኞ የሠራው ማክሰኞ እምቢ ይላል። ገጹ ካልተከፈተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣን ግንኙነት የሚከለክለው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፤ ኮሊብሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ዊንዶውስ ፈቃድ ይጠይቃል፣ «የግል ኔትወርክ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ይፍቀዱ። በስልክ የሚገቡ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል፦ ስልኩ ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። ዳታቸውን ያጥፉ። ኪዊክስንም በዚያው ላፕቶፕ ላይ ካስነሱ ሁለቱ በአንድ የፖርት ቁጥር (ከላይ ባለው አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለው 8080) እንዳይጋጩ የአንዱን ይቀይሩ።

አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ከብሮውዘር ሌላ ምንም አይጫንባቸውም። ዊንዶውስ 7 ከሆኑ የሚቀበሉት የመጨረሻው ክሮም 109፣ የመጨረሻው ፋየርፎክስ 115 ነው። በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን ፌት አይከፈትም፤ አይድከሙ።

ስለ መብራቱ። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፖቹ ይጠፋሉ፤ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ራውተሩን ደግሞ ከባትሪ ማስኬድ ይቻላል። ራውተሩ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል ከተጻፈ ቢበዛ 12 ዋት ይፈልጋል። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥረው ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህን ስሌት ለተማሪዎችዎ የቤት ሥራ ቢሰጡት አይከፋም። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ፦ 9 ቮልት የሚል ራውተር በ12 ቮልት ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል፤ በሶላር እየተሞላ ያለ ባትሪም ከ14 ቮልት በላይ ስለሚወጣ በመካከሉ የ12 ቮልት ማረጋጊያ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ የውጫሌ ውል የተፈረመበትን ቀን ኤአይ ጠይቀው አንዱ ሚያዝያ 24፣ አንዱ ሚያዝያ 25፣ ሌላው 1882 ዓ.ም. ብሎ መጣ። እዚሁ ውጫሌ ቁጭ ብለን የራሳችንን ታሪክ ቀን ማጣታችን ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?
የታሪክ መምህር፣ ውጫሌ

መልስ፦ ትክክሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 2 ቀን 1889። ስህተቶቹ ግን ከየትም የመጡ ስላልሆኑ ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ናቸው።

1882 ያለው ልዩነቱን ሁልጊዜ 7 ዓመት አድርጎ ቀንሶ ነው። ልዩነቱ 7 የሚሆነው ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። ሜይ ከጃንዋሪ በኋላ ስለሆነ 1889 ሲቀነስ 8፣ 1881 ይመጣል።

ሚያዝያ 24 ያለው ስህተት ረቀቅ ይላል። ዛሬ ዛሬ ሜይ 2 የሚውለው በእርግጥም ሚያዝያ 24 ነው። ነገር ግን አውሮፓውያን 1900ን ያለ ፌብሩዋሪ 29 ሲያልፉት እኛ በየ4 ዓመቱ 6ኛዋን ጳጉሜን መጨመራችንን አላቋረጥንም። ስለዚህ ከየካቲት 1892 ዓ.ም. በፊት ያሉ ቀኖች ከዛሬው ማመሳከሪያ በአንድ ቀን ይለያሉ። የዓድዋ ድል ራሱ ማስረጃ ነው፦ ጦርነቱ የተደረገው ማርች 1 ቀን 1896 ነው፤ ዛሬ የካቲት 23ን የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ኤአይው የዛሬውን ማመሳከሪያ ወደ ኋላ ስቦ 24 አለ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለ ቀን ባጋጠመ ቁጥር ኤአይውን ቀን አያስለውጡት። በመጽሐፉ ያለውን ይውሰዱ፤ ማመሳከር ከፈለጉ ተማሪዎቹ በዚህ መንገድ በወረቀት ያስሉት። የመቅደላውን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ይስጧቸውና ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ላይ ይደርሱ እንደሆነ ይዩ።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ፈተናና ማስታወሻ በቻትጂፒቲና በጀሚናይ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። ሥራው ይፈጥናል፤ ግን ምን ያህል ልመነው? ተማሪዎቼ አንድ ሁለት ስህተት አግኝተውብኛል።
የኬሚስትሪ መምህርት፣ ኮምቦልቻ

መልስ፦ ስህተት የሚያገኙ ተማሪዎች ካሉዎት ግማሹ ችግር ተቃልሏል። ኤአይ የእርስዎን መማሪያ መጽሐፍ ገልጦ አይመልስም፤ ከተማረባቸው ብዙ ጽሑፎች በመነሳት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። የተማረባቸው ጽሑፎች ደግሞ አብዛኞቹ የሌላ አገር ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፦ ከራሱ አእምሮ እንዲያወጣ አይጠይቁት፤ የመጽሐፉን ክፍል ይለጥፉለትና ከዚያ ብቻ ያውጣ።

ትእዛዙን እንዲህ ቢጽፉት ይሻላል፦ «የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ከታች ያለው ከመማሪያ መጽሐፉ የተወሰደ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ በእንግሊዝኛ 10 የምርጫ ጥያቄ አውጣ። 4ቱ ማስታወስን፣ 4ቱ መረዳትን፣ 2ቱ ስሌትን ይፈትኑ። በእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ጎን ተማሪ ለምን ሊመርጠው እንደሚችል በአንድ መስመር ጻፍ። አራቱ ምርጫዎች በርዝመት ይቀራረቡ። መልሶቹን መጨረሻ ላይ ለብቻቸው አድርግ።» «ተማሪ ለምን ሊመርጠው ይችላል» የሚለውን አይተዉት። እሱን ከተዉ የተሳሳቱት ምርጫዎች ማንም የማይመርጣቸው ይሆኑና ጥያቄው ዋጋ ያጣል።

ሲመጣልዎ መልሱን ሳያዩ ራሳችሁ ሥሩት፤ ከተቻለ የዲፓርትመንት ባልደረባዎ ይሥራው። ከዚያ ከመልሱ ጋር ያስተያዩ። በብዛት የሚገኙት ጉድለቶች እነዚህ ናቸው። ትክክለኛው ምርጫ ከሌሎቹ ይረዝማል፣ ጎበዝ ተማሪ ሳያነብ ያገኘዋል። መልሶቹ ለ እና ሐ ላይ ይከማቻሉ፣ በእንግሊዝኛም ቢ እና ሲ ላይ፤ ቦታቸውን ራስዎ ይበትኑ። ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ይገባል። ስሌት ላይ መንገዱ ልክ ሆኖ የመጨረሻው ቁጥር ይሳሳታል፤ በካልኩሌተር ይድገሙት። ምሳሌዎቹም በረዶና ዶላር ይሆናሉ፤ ከቦርከና ወንዝ ወይም ከከተማዎ ፋብሪካዎች ምሳሌ እንዲያወጣ በስም ይዘዙት።

የአካባቢ ጉዳይ ካነሳን፣ ኤአይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ የሙከራ ወረቀት ያዘጋጃል። ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው። በ2,500 ሜትር ገደማ ያለችው ደሴ ላይ 92 አካባቢ፣ በ1,850 ሜትር ገደማ ባለችው ኮምቦልቻ 94 አካባቢ ይፈላል። ተማሪው ወረቀቱን አምኖ ቴርሞሜትሩን «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ከፍታውን ነግረውት ኤአይው አስቀድሞ ይገምት፣ ተማሪዎቹ በምድጃ ላይ ይለኩ፣ ልዩነቱን ያስረዱ። ከዚህ የተሻለ የኤአይ ትምህርት አናውቅም።

የቋንቋው ነገር፦ በአማርኛ ሲጽፉለት ነጻው ገደብ ቶሎ እንደሚያልቅ አስተውለው ይሆናል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተር 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በዚያ ላይ ፕሮግራሞቹ የአማርኛን ቃል ብዙ ቦታ ቆራርጠው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ረጅሙን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ፣ ለተማሪው የሚሰጠውን ማብራሪያ ብቻ በአማርኛ ያሠሩት። የአማርኛውን የሙያ ቃል ግን በመጽሐፉ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ አንዱን ነገር በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ስም ሊጠራው ይችላል።

ጥያቄ፦ የድሮ ፈተናዎቼን ለኤአይ ስለጥፍለት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆንብኛል። ኮምፒውተሬ ላይ ግን አማርኛው ጥርት ብሎ ይታያል።
የአማርኛ መምህር፣ መርሳ

መልስ፦ ፈተናዎቹ የተጻፉት በድሮው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ አሠራር ነው። በዚያ አሠራር ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ለማረጋገጥ ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይሩት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ (ፋይሉ ውስጥ ራሱ የአማርኛው ፊደል የሚቀመጥበት አሠራር) ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ከተበታተነ የድሮው ነው።

አጭሩ መፍትሔ ወረቀቱን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንስቶ በጎግል ሌንስ ጽሑፉን ማውጣት ነው፤ የታተመ አማርኛ ያነባል። የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን አይታመንም። ካወጣ በኋላ በመልክ የሚቀራረቡ ፊደላትን፣ በተለይ ሰ እና ለን፣ እንዲሁም ቁጥሮችን አንድ በአንድ እዩ። ከአሁን በኋላ የሚጽፉትን ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ አዲሶቹ ፓወር ግዕዞች ሁለቱንም ስለሚያስመርጡ ሲከፍቱ ይመልከቱ። በስልክ ደግሞ በጎግል ኪቦርድ ማይክሮፎኑን ነክተው በአማርኛ ቢናገሩ ይጽፍልዎታል፣ ሥርዓተ ነጥቡን ግን እራስዎ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ 4 ሴክሽን፣ በእያንዳንዱ 60 ተማሪ አለኝ። የምርጫ ፈተና በስልክ ካሜራ ማረም ይቻላል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?
የባዮሎጂ መምህር፣ ወልድያ

መልስ፦ እውነት ነው። ዚፕግሬድ የሚባለው መተግበሪያ ተማሪዎች ክብ የሚያጠቁሩበትን ወረቀት በካሜራ እያየ ያርማል፤ ለማረም ኢንተርኔት አይፈልግም። ነጻው ግን በወር 100 ወረቀት ብቻ ነው፤ ለእርስዎ 240 ወረቀት አይበቃም፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። ስለዚህ በአንድ ሴክሽን ላይ ብቻ ይጠቀሙበትና ጥቅሙን ይመዝኑ።

ካሜራው የሚፈልገው በወረቀቱ አራት ማዕዘን ያሉትን ጥቁር ካሬዎች ነው። ፎቶ ኮፒው ዘሞ ከገባ ወይም አንዱ ካሬ ከተቆረጠ ያ ወረቀት አይታረምም፤ ኮፒ ሲደረግ መጠኑ እንዳይቀንስ ይንገሩ። በመስኮት በኩል የሚመጣ ጥላና በስስ እርሳስ የተነካካ ክብም ያሳስተዋል። የተማሪው መለያ ቁጥር በስም ዝርዝሩ ላይ ያለው ተራ ቁጥር ይሁን።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ማረሙ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ተማሪ የትኛውን ምርጫ እንደመረጠ ያሳያል። ከ60ው 40ው አንድ ዓይነት የተሳሳተ ምርጫ ላይ ከተሰበሰቡ ወይ እርስዎ መተግበሪያው ላይ መልሱን ተሳስተው ሞልተዋል፣ ወይ ትምህርቱ ለተማሪዎቹ አልገባቸውም፤ ያን ርዕስ ሰኞ እንደገና ማስተማር ነው። ለ20 ጥያቄ ኩዊዝ ከሆነ ግን የተበሳሳ ካርቶን ማረሚያ አሁንም ከሁሉም ይፈጥናል፤ ባትሪም አያልቅበትም።

ጥያቄ፦ የተማሪዎቼ ድርሰት በድንገት አማረ። ኤአይ መሆኑን የሚለይ ፕሮግራም ተጠቅሜ ዜሮ ብሰጥ ትክክል ነኝ?
የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደሴ

መልስ፦ አይደሉም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ፍተሻ በኤአይ ከተጻፈው የለየው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን በሐሰት ከሰሰ። ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ራሱ በጁላይ 2023 ዘጋው። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፈል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በ7 መለያዎች ፈትሸው፣ በአማካይ ከ61 በመቶ በላዩ የኤአይ ነው ተብሎ ተከሰሰ። ምክንያቱም መለያዎቹ ቀላልና የተለመደ ቃል ሲበዛ ይጠረጥራሉ። ቀላልና የተለመደ ቃል የሚጽፈው ደግሞ የእርስዎ ታታሪ ተማሪ ነው።

የሚሠራው የድርሰቱን አሰጣጥ መለወጥ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ በክፍል ውስጥ በእጅ ያስጽፉ፣ ፈርመው ይመልሱላቸው፣ የተስተካከለውን ከረቂቁ ጋር አያይዘው ያምጡ። ርዕሱን ቅርብ ያድርጉት። «የትራንስፖርት ጥቅም» ካሉ በኤአይ የተጻፈ ይመጣል። «ከሰፈራችሁ እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ላይ መስተካከል ያለበት አንድ ነገር፤ ሁለት ጎረቤት ጠይቁ» ካሉ ግን ማሽኑ የማያውቀውን መጻፍ አለባቸው። ሦስተኛው የቃል ጥያቄ ነው። ለ60 ተማሪ ሁለት ሁለት ደቂቃ 2 ሰዓት ይፈጃል፣ አይቻልም። በየሥራው 8 ተማሪ በዕጣ አውጥተው «ይህን ዓረፍተ ነገር በሌላ አነጋገር በለው» ይበሉ። ዕጣው ማን ላይ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ የቀሩት 52ቱም ያነቡታል።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ሒሳብ በስልኳ ጠይቃ ነው የምትሠራው። ልከልክላት? እኔ ሒሳቡን አላውቀውም።
እናት፣ ሐይቅ

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ከከለከሏት ከጓደኛዋ ስልክ ትጠይቃለች። ደንብ ያውጡላት። መጀመሪያ 15 ደቂቃ በደብተሯ ትሞክር፤ የተጣበቀችበትን መስመር ታስምርበት። ከዚያ ስልኩን ስትከፍት እንዲህ ብላ ትጻፍ፦ «መልሱን አትንገረኝ፤ የደረስኩበት ይህ ነው፣ ቀጣዩን አንድ እርምጃ ብቻ ጠቁመኝ።» ሲገባት ስልኩን ዘግታ ቁጥሩን ቀይራ ትድገመው።

እርስዎ ሒሳቡን ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ከደብተሯ አንድ መስመር በጣትዎ ያሳዩና «ይቺ ከየት መጣች?» ይበሏት። ካስረዳች ሠርታዋለች። ጥያቄውን በፎቶ የምትልክ ከሆነ ስልኩ ትንንሾቹን ኃይል ቁጥሮችና ክፍልፋዮችን አሳስቶ ሊያነብ ስለሚችል የተነበበውን መጀመሪያ ታረጋግጥ። የቻትጂፒቲ ደንብ ዕድሜው ከ13 በታች የሆነን አይቀበልም፤ ከ18 በታች ያለም በወላጅ ፈቃድ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ፈቃጁ እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ያለን በጀት ወይ ለ20 ታብሌት ወይ ለጥሩ ፕሮጀክተር ይበቃል። የቱን እንግዛ?
ርዕሰ መምህር፣ መካነ ሰላም

መልስ፦ ፕሮጀክተሩን። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ታብሌት ለሦስት ይደርሳል። 20 ታብሌት ማታ ማታ የሚሞላ፣ የሚቆልፍ፣ የተሰነጠቀ ስክሪን የሚያሠራ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ከሌለ በዓመቱ መጨረሻ የሚሠሩት ጥቂቶቹ ይሆናሉ።

ሲገዙ በማሸጊያው ላይ ያለውን ትልቅ የሉመን (የብርሃን መጠን) ቁጥር አይመኑ፤ ኤኤንኤስአይ ሉመን የሚለውን ይጠይቁ፣ ከ3,000 በታች ከሆነ በቀን ብርሃን ክፍል ውስጥ አይነበብም። መጋረጃም ይታሰብበት። አምፖል ከሚቀየርለት ይልቅ ኤልኢዲ ወይም ሌዘር የሆነው ይመረጣል፤ መለዋወጫ አምፖል መካነ ሰላም ላይ ቀርቶ ደሴም ማግኘት ያስቸግራል። በስታብላይዘር ይሰካ። አምፖል ያለው ከሆነ ካጠፉት በኋላ ማራገቢያው እስኪቆም ሶኬቱን አይንቀሉ፤ መብራት ድንገት ሲሄድ አምፖሉ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ስለሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ቢጨመር ጥሩ ነው። ከክፍል ክፍል አያዙሩት፤ በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ይታሰር፣ ሴክሽኖቹ በፕሮግራም ይምጡ።

በ1997 ዓ.ም. የገባውን ፕላዝማ የሚያስታውሱ መምህራን ይኖሩዎታል። ትምህርቱ ከሳተላይት ይመጣ ስለነበር መምህሩ ማቆምም ሆነ መመለስ አይችልም ነበር፤ ተማሪው ሳይገባው ያልፋል። አዲሱን ዕቃ ከዚያ የሚለየው ማቆሚያ ያለው መሆኑ ነው። ሥልጠና ሲሰጡ መጀመሪያ የሚለመደው እሱ ይሁን፦ 3 ደቂቃ አሳይቶ ማቆም፣ መጠየቅ፣ መቀጠል።

ጥያቄ፦ አንድ ባልደረባችን የተማሪዎችን ስም፣ ውጤትና የጤና ሁኔታ ለኤአይ ሰጥቶ የወላጅ ደብዳቤ ያስጽፋል። ችግር አለው?
መምህርት፣ ባቲ

መልስ፦ አለው። በነጻ አካውንት የሚጻፍ ነገር ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ማስተካከያው ካልተዘጋ ለማሠልጠኛም ሊውል ይችላል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠበቅ ነው። ደብዳቤውን «ተማሪ ሀ» ብሎ ያስጽፍ፣ ውጤቱን በጥቅሉ ይግለጽ፣ ስሙንና ቁጥሩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይሙላ። የጤናውን ነገር ጨርሶ አያስገባ። የክፍል ፎቶም እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ማየት የተሳነው ተማሪ አለኝ። የአማርኛ ማስታወሻዬን ኮምፒውተር ሊያነብለት ይችላል?
የሲቪክስ መምህር፣ ኩታበር

መልስ፦ ይችላል። ኤንቪዲኤ የተባለውን ነጻ ስክሪን አንባቢ ዊንዶውስ ላይ ይጫኑ፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ አለው። ድምፁ የማሽን ነው፣ የጠበቀውንና የላላውን አይለይም፤ ተማሪው ግን ሲለምደው በፍጥነት ይሰማዋል። ኢንተርኔት አያስፈልግም። ማስታወሻው በዩኒኮድ ካልተጻፈ ግን የሚሰማው ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚሆን፣ ከላይ ለመርሳው መምህር የጻፍነውን የፎንት ፍተሻ አስቀድመው ያድርጉ። በፎቶ የተላከ ገጽ አይነበብለትም፤ ጽሑፉ ራሱ በዎርድ ፋይል ይሰጠው፣ ሰንጠረዦቹም ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይለወጡለት።